የዳማከሴው ዘይትና የእናቴ እግር

«የዳማከሴው ዘይት ሳህን ላይ ባክቴሪያ መግደሉን ማን ካደ፣ አባየ? ያሳየሁት እኔው አይደለሁ?» አለች እህቴ።

እናታችን መደቡ ላይ ተኝታለች። አጥር ስታጥር እሾህ የጫራት ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ያብለጨልጫል። እህቴ ፍኖተ ሰላም ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ወሬውን ሰምታ ከቡሬ ባጃጅ ተከራይታ መጣች። ሆስፒታል ልትወስዳት ነው። መሪጌታው አባቴ ግን አይሆንም አሉ። ይህ በሽታ መርፌ አይወድም፤ የዳማከሴ ቅጠል ከተቀባ ወዲያ መርፌ የገባበት ሰው አይተርፍም ነው የሚሉት።

«አንቺው ነሽ የመሰከርሽለት» አሏት። «አሁን ደግሞ ልታፈርሺው?»

በእሷ ስም የመሰከርኩት ግን እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት እህቴ ከጓሯችን የቆረጥኩላትን ዳማከሴ በእንፋሎት አፍልታ ዘይቱን አወጣች። ከሰው ቁስል የተወሰደ ባክቴሪያ ሳህን ላይ ዘርታ፣ ዘይት የነካች ትንሽ ወረቀት መሃሉ ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ ጠርታ አሳየችኝ። ሳህኑ በሙሉ ደፍርሷል፤ በወረቀቷ ዙሪያ ብቻ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ጠርቷል። እህቴ ብዙ ነገረችኝ። ዘይቱ አባቴ በእጃቸው ጨምቀው የሚቀቡት ጭማቂ እንዳልሆነ፣ ሳህን ደም እንደሌለው፣ በሽታው ሥጋ ውስጥ ከገባ ነገሩ ሌላ እንደሆነ። እኔ ግን የጠራውን ቦታ እያየሁ ለአባቴ ቅጠል የምገጥምለትን ስንኝ እፈልግ ነበር።

ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው። የተማረች ልጃቸው ቅጠላቸውን ስታናንቅ ስንት ዓመት ችለዋል። ጥምጣማቸውን ፈተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ድገምልኝ አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። የቀረውን ግማሽ ግን ዋጥኩት። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

እህቴ ወደኔ ዞረች። ያን ቀን ያልኩህን ንገራቸው አለችኝ። ጭማቂውና ዘይቱ አንድ አይደሉም ብላኝ ነበር አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

አባቴ ረጋ ብለው አዩኝ። «እህትህ ስትቆጣ ነው ትዝ ያለህ?»



እህቴ መደቡ ሥር ተንበርክካ እናታችንን ጠየቀቻት። ባጃጁ መንገድ ዳር ቆሟል፣ እኔና ይሄ ልጅሽ እንሸከምሻለን፣ አንቺ ብቻ እሺ በይ አለቻት። እናቴ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አባቴን አየቻቸው። አባቴ ቅጠል ሊቆርጡ ሲወጡ ቆርጠው እስኪመለሱ ከማንም ጋር አይነጋገሩም፤ ሰላምታ እንኳ አይመልሱም። በዚያ ሳምንት በየማለዳው እንዲያ ነበር የወጡት።

«አፉን ዘግቶ የቆረጠልኝን እኔ ሚስቱ ትቼው ብሄድ፣ ነገ ደጁን ማን ይረግጣል?» አለች። «እስኪ እሑድን ልየው።»

እሑድን አላየችም።

እናቴ ይህን ስትል አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ያኔ እሺ ውሰጃት ሊሉ እንደነበር አሁንም አስባለሁ፤ ጠይቄያቸው ግን አላውቅም።

እህቴ የእናቴን ግንባር ሳመች፤ ከንፈሯን ትኩሳቱ ላይ አቆየችው። ማንንም ሳታይ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እናቴ በነፋሱ እግሬን በረደኝ አለችኝ። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።