እማዬ እና ወሬ የማይወራበት ፉርጎ

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ እማዬ ዛሬ ባቡር ውስጥ፣ ሁሉም ሰው እስኪሰማ ጮክ ብላ።

ለሎንግ ዊኬንድ ከቶሮንቶ ወደ ሞንትሪያል ትኬት ቡክ ሳደርግ፣ እንድትተኛ ብዬ ወሬ የማይፈቀድበትን ፉርጎ መርጬላት ነበር። (የራሴን እናት የማላውቅ ይመስል!)

«ማንም አልሞተም፤ እዚህ ማውራት ክልክል ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

«እና ዝም ለማለት ነው የከፈልሽው?»

አንጀቷ አልቻለም። ዳቦ ቆሎዋን ይዛ ተነሳችና «አይዟችሁ» እያለች ለሁሉም አደለች። ሊቆጣት የመጣው የባቡሩ ሠራተኛም እፍኝ ሙሉ ተቀብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እውነትም ማንም አላወራም። ፉርጎው ሙሉ ሰው ግን ይቆረጥማል፣ ቋ! ቋ! ቋ!

የመልስ ትኬታችንም እዚያው ፉርጎ ነው። ከእናቱ ጋር ተጉዞ ጉድ ያላየ አለ? እስቲ ጻፉልኝ፤ እዚህ ማውራት ክልክል አይደለም።