የተረጋጋው የደም ግፊቴ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ አለበለዚያ አንባቢ ተራ ሽማግሌ የደረሰበትን የሚያወራ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት የገባሁት ለአራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ በዘበኝነት ተቀጥሬ በግምጃ ቤት ኃላፊነት ጡረታ ወጥቻለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ ከሚመጣው ቀጭን ወረቀት ነው። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን ስለ አየር ሁኔታ ማውራት ቢያቅተኝም ስለ ጨጓራ ማቃጠልና ስለ ቆዳ ማሳከክ ከማንም ፈረንጅ ጋር እከራከራለሁ። ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ጥርስ ነቅያለሁ፤ የራሴን። ልጆቼ «አንተ» ብለው እንዲጠሩኝ ያደረግሁ በሰፈራችን የመጀመሪያው አባት ነኝ። ጎረቤቶች ይንቁሃል ብለውኝ ነበር። እስካሁን አልናቁኝም፤ ቢንቁኝም አልነገሩኝም።

አሁን የምኖረው ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከመጨረሻ ልጄ ጋር ነው። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ያመጣችኝ ለወላጅ በሚሰጠው በሱፐር ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ አባትን ከልጁ ጋር ያኖረዋል እንጂ በመንግሥት ካርድ አያሳክመውም። ስለዚህ የግል የጤና ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው። ኢንሹራንሱ የማይሸፍነው ነገር ገጥሞኝ ሆስፒታል ብገባ ሒሳቡ የሚሄደው ወደ ልጄ ነው፤ የፈረመችልኝ እሷ ናትና።

በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም የመረጠችው እሷ ነበረች። ዘንድሮ የአምናው ኩባንያ ዋጋ ስለጨመረ የሌላ ኩባንያ ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ እኔ አይቼ እሞላዋለሁ፣ አትጨነቅ» አለችኝ።

«የምታመመው እኔ፣ የምትመርጪው አንቺ? እኔ ነኝ የምመርጠው።»

«ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው እኮ!»

«የፔኒሲሊን ወረቀት ከዚህ ይረዝም ነበር» አልኳት። አይረዝምም። ግን ሥራ ረፍዶባት ስለነበር አልተከራከረችኝም።

አንድ ሳምንት ሙሉ አጠናሁ። ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር ገልብጬ በጀርባው ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤ ፕላኖቹ ሦስት ነበሩና። የመጀመሪያው ቤዚክ ይባላል። ርካሽ ነው፤ ግን ከመግዛትህ በፊት የነበረብህን ሕመም አያውቅልህም። ሁለተኛው ትንሽ ይወደዳል፤ የቆየ ሕመምህንም ይሸፍናል፣ ሕመሙ ስቴብል፣ ማለትም የተረጋጋ፣ እስከሆነ ድረስ። መድኃኒቱ ያልተለወጠ፣ መጠኑ ያልጨመረ፣ አዲስ ምልክት ያላመጣ መሆን አለበት። ሦስተኛው መጀመሪያ አንተን ከኪስህ ያስከፍልና የቀረውን እነሱ ይከፍላሉ።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስረዳኋት።

«ቤዚክ ማለት የሚያፈሰውን ጣራ ትቶ ያላፈሰውን የሚጠግን አናጢ ነው። ሦስተኛው እንጨቱንና ሚስማሩን ራስህ አምጣ የሚል አናጢ ነው። እኔ ደም ግፊት አለብኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ዓይነት ክኒን፣ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ። ስለዚህ ሁለተኛው ነው።»

«አባዬ፣ ቢሮ ብትከፍት ያዋጣሃል» ብላ ሳቀች። «በቃ፣ ኢንሹራንሱን የሚሸጠው ብሮከር እሁድ ቸርች አለ። እኔ ሺፍት አለኝ፤ አንተ ሳይን አድርግ።»

እዚህ ላይ ለልጄ ያልነገርኳት አንድ ነገር ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት፣ እሷ ሥራ በነበረችበት እሁድ፣ ለግፊቴ ተጸለየልኝ። በማግስቱ ፋርማሲ ገብቼ ክንድ የሚያስገቡበት ማሽን ላይ ተለካሁ፤ ቁጥሩ የወጣት ቁጥር ሆነ። በሚቀጥለው እሁድ ማይክ ተቀበልኩና ግፊቴ እንደጠፋ መሰከርኩ። የመናገር ስጦታ እንዳለኝ የታወቀ ነው፤ እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ስለ ክኒኑ አላነሳሁም፤ የጠየቀኝም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጉባኤው ስሜ ተነሣ። ግፊት ያለበት ሁሉ እጄን ጭኜ እንድጸልይለት ይፈልገኝ ጀመር። እኔም ክኒኔን በድሮ መነጽሬ መያዣ ውስጥ አድርጌ በየጠዋቱ መዋጤን ቀጠልኩ። እምነቴንና ክኒኔን አጋጭቼ አላውቅም፤ ሁለቱም በየፊናቸው ይሠሩ ነበር።

ብሮከሩ ደግሞ ከመዘምራኑ አንዱ ነው። እሁድ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ሻይና ዳቦ ይቀርባል። ሰዉ ቤት የሚከራየውም፣ ሥራ የሚጠያየቀውም፣ ኢንሹራንስ የሚገዛውም እዚያው ነው። ብሮከሩ ኮምፒውተሩን ሻይ ማፍያው አጠገብ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ሻይ የሚቀዳ ሰው ሁሉ የሌላውን ጉዳይ እየሰማ ነው የሚቀዳው። አጠገቤ ከእኛው ሕንፃ አሥረኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም እንደ እኔ በልጃቸው የመጡ ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ደግሞ ምን ኢንሹራንስ ያስፈልግዎታል!» አሉ፣ አዳራሹ እንዲሰማ።

«ሕግ ነው እማማ» አለ ብሮከሩ። «የልብ ሕመም አለብዎት ጋሼ?»

«የለብኝም።»

«ስኳር?»

«የለብኝም።»

«ካንሰር?»

«ጌታ ይጠብቀኝ።»

«የደም ግ...» ብሎ ሳቀ። «ይሄንንስ መጠየቅም ነውር ነው። ምስክርነቱን ሁላችንም ሰምተናል።» ጣቱ «የለም» የሚለው ላይ ወረደ።

«አሜን!» አሉ እማማ።

አፌን ከፈትኩ። ዳቦ ነበረበት። መልሼ ዘጋሁት።

«እንግዲያው ሁለተኛው ፕላን ምን ያደርግልዎታል? የቆየ ሕመም ለሌለው ሰው ገንዘብ ማባከን ነው። ቤዚክ ይበቃዎታል።»

«ይበቃኛል» አልኩ። የአንድ ሳምንት ጥናት፣ ሦስት ዓምድ፣ በአንድ ቃል ተናደ። ከዚያ በጣቴ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬ ግን ያምር ነበር፤ ብሮከሩም አድንቋል።

ሰኞ ልጄ ከሥራ እንደገባች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ስልኳን ከፍታ የተላከላትን ቅጂ አነበበች።

«አባዬ... ቤዚክ ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«ደም ግፊት፣ ኖ?»

«ብሮከሩ ነው የሞላው።»

«የፈረመውስ?»

መሳቢያውን ከፍታ የአምናውን ወረቀት አወጣችና ከካላንደሬ አጠገብ አኖረችው። በእጇ ጽሑፍ «ደም ግፊት፦ አለበት» ይላል፤ ከነክኒኑ ስም። ከዚያ የአዲሱን ውል ሠላሳ አንደኛ ገጽ ፈልጋ ልታነብልኝ ጀመረች። ሐሰት ከተገኘበት ውሉ በሙሉ እንደሚፈርስ የሚናገረው ቦታ ነው። ያንን መስመር ከእሷ በፊት ያነበብኩት እኔ ስለሆንኩ በቃሌ ጨረስኩላት። አልሳቀችም። የምስክርነቱንም ታሪክ ነገርኳት። አሁንም አልሳቀችም።

«አባዬ፣ እኔ በየቀኑ ሽማግሌ አነሣለሁ፣ አስተኛለሁ» አለች። «አንድ ቀን አንተ እዚህ ወለል ላይ ብትወድቅ፣ አምቡላንስ ኮል ከማድረጌ በፊት የትኛውን ወረቀት እንደሞላህ ማሰብ አለብኝ? ቆሜ ማሰብ አለብኝ?»

ልጄ ጫማዋን እንዳደረገች ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ወለሉን ታይ ነበር፤ ወድቄ እተኛበታለሁ ብላ የምትፈራውን ቦታ።

በማግስቱ ለብቻዬ ወጣሁ። የብሮከሩ ቢሮ ዌስተን የሚባል ሰፈር ነው፤ በባቡር፣ ከዚያም በአውቶቡስ። ማንንም ሳልጠይቅ ደረስኩ። አንድ ፌርማታ አልፌ ነበር፤ እሱ ግን አካባቢውን ለማየት ነው።

«ጋሼ! በሰላም ነው?» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

የመነጽሩን መያዣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«መነጽርዎ ዓይንዎ ላይ ነው ያለው እኮ» አለኝ።

«ክፈተው።»

ከፈተው። ክኒኖቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ሆነ።

«ተመልሶ መጣ ጋሼ?»

«አልሄደም» አልኩት።

ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ። ለካ ዘማሪ ሳይሆን ብሮከር ሲሆን ሌላ ሰው ነው።

«ውሉ የሚጀምረው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ማስተካከል እንችላለን። ግፊቱ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«መድኃኒቱ ተቀይሮ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«መጠኑስ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ፍሬ።»

«በግፊት ምክንያት ሆስፒታል ተኝተዋል?»

«አንድም ቀን።»

«ክኒን የዘለሉበት ጊዜ?»

«መንግሥት ሲቀየር እንኳ አልዘለልኩም።»

መጻፉን አቆመ። «ጋሼ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፤ በዚህ ሥራ እንዲህ የተረጋጋ ግፊት አላጋጠመኝም።»

ደረቴ ሞላ። ብዙ ሰው ጤናው እንኳ ይህን ያህል ሥርዓት የለውም። እኔ ሕመሜን ሳይቀር አሠልጥኜዋለሁ። ቤዚኩን ሰርዞ ሁለተኛውን ፕላን ሞላልኝ። አሁን ደግሜ አንብቤ፣ ዳቦ በሌለበት አፍ አዎ ብዬ፣ ፈረምኩ።

ልወጣ ስነሣ ግን ግንባሩን ያሻሽ ጀመር።

«ጋሼ፣ ባለፈው እሁድ ከእርስዎ በኋላ አራት ሰው ሞልቻለሁ። አራቱም ወላጆች ናቸው። ሁሉም "ልክ እንደ ጋሼ አድርግልኝ" ነው ያሉኝ።»

«እማማም?»

«እሳቸውማ የመጀመሪያው ናቸው።»

እማማን በሊፍት ውስጥ በደንብ አውቃቸዋለሁ። ሲራመዱ ቦርሳቸው እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ከመድኃኒት መጋዘን ጡረታ ለወጣ ሰው ያ ድምፅ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

«ደውለህ አስተካክልላቸዋ!»

«ምን ብዬ? እኔ "ዋሽተዋል ወይ" ብዬ ልጠይቅ? እርስዎን ነው የሚሰሙት።»

እውነቱን ነው፤ የሚሰሙት እኔን ነው። ማታ ለልጄ ነገርኳት። «ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ። «እሁድ ሺፍትሽን ቀይሪ» አልኳት።

እሁድ ማይክ ተቀበልኩ። ልጄ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እማማ ከፊት ነበሩ፤ እልልታቸውን አዘጋጅተው አፋቸውን ከፈት አድርገዋል።

«ወገኖቼ፣ ባለፈው ስመሰክር ግማሹን ነው የነገርኳችሁ» አልኩ። «ጌታ ፈውሶኛል፤ አልካድኩም። ግን በየጠዋቱ አንድ አንድ ፍሬ አድርጎ ነው የሚፈውሰኝ።» የመነጽሩን መያዣ ከፍቼ ወደ ላይ አነሣሁት። «ኢንሹራንሱ ላይ የለብኝም አስብዬ ነበር፤ ሄጄ አስተካክያለሁ። የእኔን ምስክርነት ሰምቶ የለብኝም ያለ ካለ፣ ብሮከሩ ታች ሻይ ማፍያው ጋ አለ። ክኒኑን የጣለ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይመለስ።»

እልል ያለ የለም፤ የኪቦርዱ ተጫዋች እንኳ ጣቶቹን አነሣ። ስሜ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲወጣ በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። ልጄን አየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

ያኔ እማማ ተነሡ።

«እሰይ!» አሉ። «እኔ ደግሞ ብቻዬን የምውጥ መስሎኝ ስሳቀቅ ከረምኩ!» ቦርሳቸውን አንሥተው በማይኩ አቅጣጫ አንሿሹት። ድምፁ በስፒከሩ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። መጀመሪያ የሳቁት መጋቢው ናቸው፤ ከዚያ ማንም አልቀረም።

ታች ስንወርድ ሻይ የፈለገ ሰው አልነበረም። ሰልፉ በብሮከሩ ጠረጴዛ በኩል ሆነ፤ አራት የተባሉት ሰባት ሆነው ተገኙ። እኔ ከጎኑ ቆሜ አስተናግድ ነበር። «የክኒኑን ካርቶን ይዘው ይቅረቡ፤ ስሙን እኔ አነብልዎታለሁ» እያልኩ።

እንግዲህ በዚያ ወር ያከናወንኩትን ልዘርዝርና ላብቃ፦

ሠላሳ ስምንት ገጽ ውል ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ፤ ብሮከሩ ራሱ አንብቦ እንደማያውቅ አምኖልኛል።

ከሦስት ፕላን ትክክለኛውን መርጫለሁ፤ ሁለት ጊዜ። በመሀል የተሳሳትኩት በዳቦው ምክንያት ነው።

ዌስተን ደርሼ ተመልሻለሁ።

የሰባት ሰው ቅጽ አሳርሜያለሁ፤ የእኔ ሲጨመር ስምንት።

ስለ አንድ ሕመም ሁለት ጊዜ መስክሬያለሁ፤ በጉባኤያችን ከእኔ በፊት ይህን ያደረገ የለም።

የእማማን ስድስት ክኒን በስድስት ጠርሙስ ለይቼ በአማርኛ ጽፌባቸዋለሁ። አሁን ሊፍት ውስጥ ሲገቡ የበፊቱን ያህል አይንሿሹም።

ክኒኔን ከመነጽሩ መያዣ አውጥቼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ከጨው አጠገብ አኑሬዋለሁ። ልጄ ጠዋት ጫማዋን ስታስር ቀና ብላ ታየዋለች። አንድ ፍሬ መጉደሉን ታይና «ቻው አባዬ» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።