አራት ጣት የሚገባበት ክፍተት

አጎቴ አስኮ ውስጥ ጎሚስታ ነበሩ። ፒክአፑ ላይ ትልቅ ጎማ እንዲገጠምለት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አንዱን የፊት ጎማ ብቻ ይገጥሙና መሪውን እስከ ጥግ ያስጠመዝዙታል። ከዚያ ይንበረከኩና በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል አራት ጣታቸውን ይከታሉ። ካልገባ፣ ሰውየው ቢለምንም ቢቆጣም፣ ያወልቁታል።

«እጄን የማያስገባ ጎማ ከእኔ ደጅ አይወጣም» ይሉ ነበር።

ሞተው አርባቸው ሳይወጣ የበኩር ልጃቸው የእሳቸውን ደብል ጋቢና ፒክአፕ ወስዶ፣ ቸርኬውን እንኳን ሳይቀይር፣ የጭነት መኪና የሚያህል ጎማ አስገጠመበት።

«አባዬን የሚመጥን ግርማ ሞገስ ሰጠሁት፤ አያምርም?» አለኝ።

አስጠላኝ። ይበልጥ ያስጠላኝ ግን «ያምራል» ያለው የራሴ አፍ ነው። ሐዘንተኛ አላስቀይምም ብዬ ዋሸሁ።

በአርባቸው ዕለት ልጃቸው በሚነዳው በዚያው ፒክአፕ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ጦር ኃይሎች ጋ ስንታጠፍ፣ ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ ጮኸ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ከኋላ የተቀመጡት የአጎቴ ባለቤት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣

«ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው ልጄ?» አሉ።

«መንገዱ ነው እማዬ» አላቸውና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። በአባቱ አርባ፣ ዘፈን! እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

ቤት ደርሰን ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሲገባ እኔ ቀረሁ። መሪውን እስከ ጥግ አዞርኩና እንደ አጎቴ ተንበረከክሁ። ከአራቱ ጣቶቼ አንዷም አልገባችም።

ጋሼ፣ ለእጅዎ የሚሆን ቦታ አልተውንልዎትም።