ያልተነገረኝ ሰረዝ

ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን አንባቢ «አጅሬ» ነው የምለው። ዓይኔ አያይም፤ አጅሬ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብልኛል፣ እኔም እሱን እየሰማሁ እጽፋለሁ። ሸሕዲ በምትባል ቆላ ከተማ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ያሉ ባልደረቦቼ «አይ ሥልጣኔ! ኮምፒውተሩ እኮ ያወራላታል!» ይላሉ። አዎ፣ ያወራል። ሰካራምም ያወራል።

አማርኛ ሲያነብ ትናንት አገር የገባ ፈረንጅ ነው የሚመስለው። እሱን እንኳ ለመድሁት። የሚያቃጥለኝ የሚለው ሳይሆን የማይለው ነው። ባልደረቦቼ የፈተና ጥያቄ በድሮው የፊደል ዓይነት ይጽፉና ይልኩልኛል፤ ለዓይን ያማረ አማርኛ ነው አሉ፣ አጅሬ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል እየለቃቀመ ይንተባተባል። አንዳንዴ ደግሞ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥተው ይልኩታል፤ አጅሬ «ሥዕል» ይልና ጸጥ። ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባሁማ መውጫው ይጠፋኛል። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የማነበውን ነገር ላኩልኝ!» ስል «ውይ! ረስተነው እኮ ነው» ይሉኛል። ሁልጊዜ ይረሳሉ። በዚህ ላይ መብራቱ ይጠፋል፣ በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። ላፕቶፑ እንዳይግልብኝ ትሪ ደፍቼ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጌ፣ እላዩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ ተንከባክቤው እንኳ መሐል መንገድ ላይ ጥሎኝ ይጠፋል።

ከአጅሬ ጋር የሚስማማው ሰው እማዬ ብቻ ነበረች። አንገረቧ ላይ፣ ያች በገመድ የተጠለፈች የቆላ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ ከርከዴዋን እየጠጣች ታዳምጠዋለች። ሲፈጥንባት «ቀስ በል አንተ፣ ማን አባረረህ?» ትለዋለች።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የጎረቤታችንን ጽፌ ስጨርስ አጅሬ አነበበው፤ «ከጨዋ ቤተሰብ ተወልደው፣ በእንክብካቤ አድገው» ሲል እማዬ በሳቅ ፈረሰች።

«እዚህ አገር የሞተ ሁሉ በእንክብካቤ ያደገ ነው» አለች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ሰሊጥ ማን አጨደው?»

«ደንቡ ነው እማዬ፤ እንዲህ ነው የሚጻፍ።»

«ደንቡን ለሌላው ጻፊ። የኔን ጊዜ ግን 'ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ ማጭዷን ይዛ መጣች' በይ። አባታችሁ ጥሎኝ ቢሞት በማጭዴ ነው ያሳደግኋችሁ። ምኑ ነው የሚያሳፍረው?»

«ኧረ ሟርት ተይ!»

«ሟርት አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። በይ ማይልኝ። እናቴ ትሙት በይ።»

በገዛ ቀብሯ ጉዳይ በራሷ ሞት ስታስምለኝ ሁለታችንም ሳቅን። እየሳቅሁ «እናቴ ትሙት» አልሁ።

እማዬ በመኸር፣ ሰሊጡ ካልታጨደ ሊረግፍ በደረሰበት ሰሞን፣ ጎሕ ሲቀድ አረፈች። ቆላ ሬሳ አያቆይም፤ ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተባለ። እኔ ከላፕቶፔ ጋር ጓዳ ገባሁ። በአንድ ጆሮዬ ለቅሶውን፣ ማዳመጫ በሰካሁበት ጆሮዬ አጅሬን እየሰማሁ መጻፍ ጀመርሁ። ከበሩ ውጭ አንዷ ሴትዮ «አበስኩ ገበርኩ! እናቷ ተጋድማ ኮምፒውተር ትነካካለች!» ስትል ሰማኋት። ወጥቼ ላፋጥጣት ነበር፤ ጊዜ የለኝም። እኔም እንደሰው ደረቴን እየመታሁ ባለቅስ ደስ ባለኝ። ግን ያን ዐረፍተ ነገር ከኔ በቀር ማን ይጽፈዋል?

ጣቴ ቁልፍ ይስታል፤ አጅሬ የሳትሁትን ፊደል እያንዳንዱን ይጠራልኛል። «አረፉ» የሚለውን «ገጽ አንድ» በሚልበት ድምፁ አነበበው። ግማሽ ላይ ስደርስ «ፕሮግራሙ ምላሽ አይሰጥም» አለና ድርቅ አለ።

«አንተም? ዛሬ?» ብዬ ትሪውን በጥፊ አልሁት። አጥፍቼ ስከፍተው ከጻፍሁት ግማሹ የለም። እያለቀስሁ ደግሜ ጻፍሁት። የእማዬን ቃል በቀብር ወግ አድርጌ እንዲህ አስገባኋት፦ «ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ፤ በዚያችው ማጭድ ልጆቻቸውን አሳደጉ።»

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ኮኪት በኩል ሰፊ የሰሊጥ እርሻና ትራክተር አለው፤ በየመኸሩ ከደጋ የሚወርዱትን አጫጆች ይቀጥራል። ደግ ሰው ነው፣ ግን ስም ይወዳል። ጠርቼ አስነበብሁት።

«ይች የማጭዷ ነገር...» አለ አንብቦ ሲጨርስ።

«የሷው ቃል ናት ጋሼ። አስምላኛለች።»

«አጫጆቼ ሁሉ እኮ እዚያ ይቆማሉ። ምን ይሉኛል?»

«የፈለጉትን ይበሉ! ይስሙ!»

«እስቲ ላስብበት» ብሎ ጽሑፉን የገለበጥሁለትን ፍላሽ ዲስክ ይዞ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ሊያሳትም ሄደ። ተመልሶ መጥቶ ፍላሹን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አንዳንድ ቦታ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ» አለኝ። «እይውና ካልተስማማሽ አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ሌላ አሳትማለሁ።»

ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ከፈትሁት። አጅሬን ከላይ እስከ ታች አስነበብሁት። የጋሼ ልጆች ተጨምረዋል፣ የምሥጋናው ቃል ረዝሟል። የእማዬ ዐረፍተ ነገር ግን አለች! ማጭዷም፣ ወሎም፣ አጨዳውም፣ አንድ ቃል ሳትጎድል። ደግሜ አስነበብኋት፤ አለች። ጋሼን መጠርጠሬ አሳፈረኝ።

«ጥሩ ነው ጋሼ» አልሁት። «እንዲሁ ይነበብ።»

«እውነት ፈቀድሽ?»

«ፈቀድሁ። እግዜር ይስጥህ።»

በረጅሙ ተነፈሰና ግንባሬን ሳመኝ። ከባድ ነገር እንደወረደለት ሰው ነበር አተነፋፈሱ።

ቀብሩ ላይ ያነበቡት የእድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ድምፃቸው ያማረ ሽማግሌ። ጽሑፉን በቃሌ ስለያዝሁት ከንፈሬ ከሳቸው ቀድሞ ይሄዳል። ትውልዷን አነበቡ። ቀጥላ የማጭዷ መስመር ናት። እሳቸው ግን ወደ ጋብቻዋ ተሻገሩ።

የተሳሳትሁ መሰለኝ። ምናልባት ወደ ታች አውርደውት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ልጆቿን ጠሩ፣ የጋሼን ትራክተር ሳይቀር አነሡ። የጋሼን እጅጌ ጎተትሁ።

«ጋሼ፣ ዘለሏት!»

«ምኗን?»

«የማጭዷን ነዋ!»

«ዝም በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል! ፈቅደሽ የለ?»

ምን እንደሚለኝ አልገባኝም። ምን ማለቱ እንደሆነ ሳወጣ ሳወርድ ጸሐፊው «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ሕዝቡ ተቀበለ፤ አፈሩ ሲወርድ ተሰማኝ። ከኋላዬ የጋሼ አጫጆች ቆመዋል፤ በወሎ አነጋገር «እመት ደግ ነበሩ አሉ» ይባባላሉ። ያገራቸውን ልጅ፣ የሥራ ጓዳቸውን እየቀበሩ አያውቁም። ባለትራክተር የወለደች አንዲት እመቤት ቀብረው ተመለሱ።

ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥን ጸሐፊውን አስጠራኋቸው። «አባባ፣ ያችን የአጨዳዋን ለምን ዘለሏት?»

«የተሰረዘች ሆና ነዋ ልጄ። መሐሏ ላይ መስመር ተሰምሮባት ነበር። የተሰረዘ ይነበባል እንዴ?»

ፊቴን ወደ ጋሼ አዞርሁ። እሱም ደንግጧል፤ ድምፁ ያስታውቃል።

«ደብቄሽ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አላጠፋትም ነበር?» አለ። «እንድታይው ብዬ እኮ ነው በመስመር ብቻ ያሰረዝኋት። አየሽው፣ ፈቀድሁ አልሽ።»

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሌላውን ጽሑፍ ሲያርም አያጠፋም። መስመር ያሰምርበትና ለጻፈው ሰው ይመልስለታል፤ ባለጽሑፉ የወጣበትን ቃል ዓይቶ እሺ ወይም እምቢ እንዲል። ይህ የጨዋ ደንብ ነው። ጋሼ ያን ደንብ ለኔም ጠበቀልኝ። አጅሬ ደግሞ ፊደሎቹን አየ፣ መስመሩን ግን አልነገረኝም። ማን ላይ ልጩህ? በክፋት ቢሆን ኖሮ እረግመው ነበር፤ ክፋት እንኳ የለበትም!

«ዕውር መሆኔን ረሳኸው?» ብዬ ጮኽሁበት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

«አዎ» አለ ጋሼ። «ረሳሁት።»

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

በሠልስቱ ጓዳ ተቀምጬ የአጅሬን ማስተካከያ መበርበር ያዝሁ። አንዱ ምርጫ ሌላውን ይከፍታል፣ ያ ደግሞ ሌላውን። የድምፁ ፍጥነት፣ የድምፁ ውፍረት፣ ማንም የማይፈልገው ኮተት ሁሉ ፊት ለፊት ተደርድሯል። ከሁሉም ሥር «የፊደላትን ሁኔታ ተናገር» የሚል አገኘሁ። አጅሬ ያለ አንዳች እፍረት «አልተመረጠም» አለኝ። ለካ ያውቃል! ይህን ሁሉ ዘመን እያየ፣ ካልጠየቅሽኝ አልናገርም ብሎ ነው!

መረጥሁት። የእማዬን ጽሑፍ ከፈትሁና ወደዚያች መስመር ወረድሁ።

«የተሰረዘ» አለ። «ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ...»

«አሁን? አሁን ነው የምትናገረው?» አልሁት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ማዳመጫዬን አልሰካሁም ኖሯል። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

«ምን አለ?» አለኝ።

«የተሰረዘ አለ። እየነገረኝ ነው፣ እናቴን ከቀበርሁ በኋላ።»

ጋሼ ገባና አንገረቧ ላይ ተቀመጠ፤ ገመዱ ሲንቋቋ ሰማሁ። ውጭ ድንኳኑ ሞልቷል። አጫጆቹ ለማስተዛዘን ከእርሻ መጥተዋል፤ ውኃ ሲቀባበሉ ይሰማል።

«በይ መስመሩን አንሺው» አለኝ።

«አላነሣም። የሰረዘ ያንሣው።»

«እኔ ይህን ነገር የት አውቄ?»

«እጅህን ስጠኝ» ብዬ ያዝሁት። ሻካራ ጣቱን ይዤ ወደ ቁልፎቹ ወሰድሁት፤ ዐረፍተ ነገሯን አስያዝሁት፣ ቀጥሎ መስመሩን የሚያነሡትን አስጫንሁት። እጁ ከትራክተሩ የበለጠ ከበደኝ፤ አልጎተተውም ግን።

አጅሬን አስነበብሁት። በዚያው በሚንተባተብ አማርኛው «ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ» አለ። የተሰረዘ አላለም።

ጋሼ አፍንጫውን ጠረገ። «ድምፁን ከፍ አድርጊው» አለኝ።

«ውጭ አጫጆችህ አሉ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ። ተነሥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ከፍ አድርጊው አልሁሽ።»