ያልሳልኩት ውሻ

ካዛንቺስ ውስጥ አዲስ በተሠራ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መግቢያ ግድግዳ ላይ ሥዕል እንድሠራ ስመረጥ ደስታዬ ሳምንት እንኳ አልቆየም። የመሥሪያ ቤቱ የሥዕል ኮሚቴ ንድፌን አጽድቆ፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ ማህተም ተመትቶበት ከተመለሰልኝ በኋላ ነው ልብ ያልኩት፤ ንድፉ ላይ በሩ ሥር የተኛ ውሻ አለ። የሰፈሩን ሰው ስነድፍ እጄ ሳላስበው የጨመረው ነው። "ሠራተኞቻችን ይተኛሉ ልትል ነው?" የሚለኝ ኃላፊ ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ። ግድግዳው ላይ ውሻውን ትቼ ቦታውን በአበባ ሞላሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

የርክክቡ ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንድ መነጽራም ሽማግሌ፣ ንድፉን ይዘው መጡ። ንብረት እንደሚረከብ ሰው በጣታቸው እየጠቆሙ ማመሳከር ጀመሩ። ታክሲው አለ፣ ባለጃንጥላዋ አለች፣ ጋዜጣ አንባቢው አለ። በሩ ሥር ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ውሻው የታለ?"

"ጋሼ፣ ማለቴ... ለመሥሪያ ቤት ነውር መስሎኝ ነው የተውኩት።"

"ነውር ከሆነም አይተን ፈርመንበታል። የጸደቀ ውሻ በምን ሥልጣንህ ታነሳለህ?"

በማግስቱ አበባውን አጥፍቼ ውሻውን ሳልኩ። ጅራቱ እንኳ ከንድፉ ጋር እንዲገጥም ስለፋ ዋልኩ። ሽማግሌው ሦስቴ አስተያይተው ፈረሙ።

ዛሬም ጉዳይ ኖሮኝ እዚያ ስገባ ልቤ ይመታል። ባለጉዳዩም፣ ሠራተኛውም፣ ኃላፊውም ፊታቸው ላይ ስጋት አለ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሐሳብ የተኛው ውሻው ብቻ ነው። ማህተም ያለው እሱ ነዋ።