አያቴን ለማቆየት የወጣንበት ተራራ

ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ የሚያወጣው የተቃጠለ ሽታ ባፍንጫዬ በገባ ቁጥር ጣኢፍ ትዝ ትለኛለች። ለማያውቃት ላስረዳ፤ ጣኢፍ ከመካ በስተምሥራቅ፣ ተራራ ላይ የተቀመጠች፣ ያኔ ትንሽ የነበረች ከተማ ናት፤ መካና ጅዳ በሙቀት ሲቀቀሉ እሷ ነፋሻ ስለሆነች የቆላው ሰው ሁሉ ሊናፈስ ወደ እሷ ይወጣ ነበር። መንገዱ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ ስንመለስ የአባቴ ፒክአፕ ፍሬን እስከ ታች ድረስ ይሸት ነበር።

የምንኖረው መካ፣ ጀርወል የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ ከጅዳ ወደብ ዕቃ እየጫነ ለመካ ሱቆች ያደርስ ነበር፤ እናቴ ዘይነባ ደግሞ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሁለቱም ከወሎ የወጡት እኔ ሳልወለድ ነው። የእናቴ አባት ሼህ ይመር ለሐጅ የመጡት በደርግ ዘመን፣ የመውጫ ፈቃድ በስንት ልመና በሚገኝበት ጊዜ ነበር። ሐጃቸውን እንደጨረሱ ታመሙና ጓደኞቻቸው ሲመለሱ እሳቸው እኛ ዘንድ ቀሩ። እናቴ በመታመማቸው እያዘነች በመቅረታቸው ግን ደስ ይላት ነበር፤ ከሄዱ ዳግመኛ እንደማታያቸው ታውቃለች፣ ያኔ እሷ አገር መግባት፣ እሳቸውም ሁለተኛ መውጣት የሚታሰብ አልነበረምና።

ሲሻላቸው ግን፣ «ዘይኑ፣ አገሬ ስደጂኝ» ማለት ጀመሩ። ጎረቤታችን ሐጃ መዲና እየሳቀች ትወርፋቸው ነበር።

«ወላሂ ሼህ፣ ሰው እዚህ ለመቀበር ዱዓ ያደርጋል፣ እርስዎ ይሸሻሉ!»

«ገና አልሞትኩም እኮ፣ መዲና።»

እናቴ ያስመረራቸው ሙቀቱ መሰላት። ደገኛ ናቸውና ደጋ ቢያገኙ ይረጋሉ ብላ፣ በዚያ የሙቀት ወራት በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ተራራው ታስወጣን ጀመር።

ሳምንቱን ሙሉ ሲነዳ የሰነበተው አባቴ፣ «ኸላስ፣ በቃኝ፣ ዛሬስ ልተኛ» ሲላት፣ «የላ፣ ተነስ፣ እዚያ ትተኛለህ» ትለው ነበር፤ እውነትም እንደደረስን መኪናው ሥር ገብቶ ይተኛ ነበር። ሌሎች ቤተሰቦች ገደሉ አፋፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ሻይ ይጠጣሉ፣ ልጆቻቸው በባለቀለም ክር ባጌጠ ግመል ላይ ይዞራሉ፣ የተላጠ በለስ ይገዛሉ፣ የድሮ የድንጋይ ማማዎችን ያያሉ። እኛም ይህን ሁሉ እናደርግ ነበር፤ መዝናናት ግን ለእኛ ቤት ሌላ የሥራ ቀን ነበር፤ እናቴ ድስትና ጀሪካን ተሸክማ ወጥታ፣ ቀኑን ሙሉ ያባቷን ፊት ስትጠብቅ ትውላለች። አያቴ የሳቁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሰዎች ከመኪና ወርደው ለዝንጀሮ ዳቦ ሲያጎርሱ አይተው፣ «ሱብሐነላህ! እኛ ከማሳችን በወንጭፍ የምናባርረውን እነሱ በመኪና መጥተው ይቀልቡታል!» አሉ።

«አገር አይመስልም፣ አባዬ?» ትላቸው ነበር እናቴ።

«ይመስላል፣ አልሐምዱሊላህ» ይሏት ነበር።

ብርዱ ሲገባ ተራራው ጭጋግ ለበሰ፣ ሽርሽረኛውም ጠፋ። እኛ ግን አልቀረንም። አያቴ ጥዶቹ መሐል ብቻቸውን ይሄዱ ነበር፤ አልፎ አልፎ ጎንበስ ብለው አፈር ያነሱና በጣታቸው ፈጭተው ይበትኑታል። ጀርወል ስንመለስ ከበፊቱ ይልቅ ዝም እያሉ መጡ። እናቴ ይህን መልመድ ነው አለችው።

ብርዱ ሲያልፍ ጣኢፍ በጽጌረዳ ትታወቃለች። አበባው ፀሐይ ሳይበረታበት ይለቀምና በትልልቅ የመዳብ ጋን ይቀቀላል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ሽቶ ይሆናል፤ ይህን ለማየት ብዙ ሰው ይመጣል። እኛም የንጋቱን ሱብሂ ሰግደን ወጣንና አንድ እርሻ ገባን። ሁላችንም ጋኑን ስናይ አያቴን አጣናቸው። ስንፈልጋቸው፣ ከእርሻው ጫፍ የፈረሰ እርከን አግኝተው፣ ኩታቸውን አውልቀው ድንጋዩን መልሰው ይክቡ ነበር።

ባለእርሻው ሽማግሌ መጥቶ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቃቸው። አያቴ አረብኛ የሚያውቁት ከኪታብ ነውና በዚያው መለሱለት። ሰውዬው ሳቁ አመለጠው። «ኑ ስሙት!» ብሎ ልጆቹን ጠራ፤ «እንደ መስጊድ ኹጥባ ነው የሚያወራው!» ከዚያ የተካበውን ድንጋይ በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ መጥበቁን አየና፣ «ሼህ፣ እዚሁ ተቀመጥ፤ ከፊልህ እኔ እሆናለሁ» አላቸው። ከፊል ማለት ለውጭ አገር ሰው ተጠሪ የሚሆን ያገሬው ሰው ነው፤ ያለ እሱ የመኖሪያ ፈቃድ አይገኝም። እናቴ ለወራት ለምና ያጣችው ይህንኑ ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አባቷን አየች።

አያቴ የያዙትን ድንጋይ አስቀምጠው ሰውዬውን መረቁት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ዘይኑ፣ መካ ሳለሁ የአላህ እንግዳ ነኝ ብዬ እችለው ነበር። እዚህ ስታመላልሺኝ ግን ገበሬነቴን አስታወስሽኝ። የእኔም እርከን እንዲህ ፈርሶ ይሆናል። ዝናቡ ሳይገባ ልድረስ።»

«ጦርነት አለ፣ ረሃብ አለ፣ አባዬ!»

«አለ። ሰዎቼም እዚያው ናቸው።»

እናቴ ጽጌረዳው መሐል ቁጭ አለች። ያን ቀን ያልተኛው አባቴ፣ «ተያቸው ዘይነባ፤ ኸላስ፣ ተያቸው» አላት በቀስታ።

ክረምት ሳይገባ ከጅዳ ሸኘናቸው። በሚቀጥለው ዓመት የመጡ ሐጃጆች ደርሰው መዝራታቸውን ነገሩን፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ማረፋቸውን። እናቴ ጣኢፍን ዳግመኛ አላነሳችም።

አሁን ወሎ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን ኮረብታ ላይ አውጥቼ እርከን አፈርን እንዴት እንደሚይዝ ሳስረዳ ድካም አይሰማኝም፤ ቤቴ ስገባ ነው የሚመጣብኝ። ያኔ የሄደ ሰው በሩ ከኋላው ይዘጋበት ነበር፤ ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው፣ ቢሆንም የሚቀረው ሰው ቤት ያው ባዶ ነው። ደርግ ወድቆ አገር ገብቼ ማስተማር እፈልጋለሁ ስላት፣ አባቷን ለማቆየት ያን ሁሉ ዳገት የወጣችው እናቴ የምትሰፋውን ልብስ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችና፣ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ብቻ አለችኝ።