ወንድሜ በግ ያዋለደበት ቀን

የታሰርነው በአንድ ቃል ነው።

ወንድሜ የእንስሳት ጤና ተማሪ ነበር፤ የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ለተግባር ስልጠና ወደ ገጠር ሲበትን እሱ የራሳችንን አገር መንዝን መርጦ መጣ። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ስለነበር ቦርሳውን ይዤለት አብሬው እዞር ነበር። ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂው "ለምን መጣህ?" አለው። ወንድሜ "ለስልጠና" አለ።

"ለተግባር ስልጠና" ብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በዚያ ሰሞን እኛ አገር ስልጠና ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጫካ ገብቶ መሣሪያ መማር።

ያስገቡን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። እህሉ ወጥቷል፤ የገብሱ ብናኝ ግን ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ስንተኛ ጉሮሯችንን ይከረክረን ነበር። መስኮት የለውም። ጣሪያው ላይ ሚስማር የተነቀለባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ፤ መንጋቱን የምናውቀው በእነሱ ነው። ከእኛ ጋር የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ሸፈተ ተብሎ በእሱ ፈንታ የተያዙ ናቸው። ሲያመጧቸው እጃቸውን በገመድ አጥብቀው አስረዋቸው ስለነበር ጣቶቻቸው አብጠው መታጠፍ አቅቷቸዋል። "ይኼ የኔ እጅ አይደለም፤ ተቀይሮብኛል" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እኛ እንጀራ እየቆረስን እናጎርሳቸዋለን።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተ።

"ያ ሰልጣኝ የታል?" አለ ጠባቂው። ወንድሜን እንደዚያ ነበር የሚጠሩት። "የከብት ሐኪም ነኝ ብለሃል አይደል? በጌ ምጥ ይዟት አልወልድ ብላለች። አለቃ ራሱ መጥቶ ያያል። ውሸትህ ዛሬ ይለያል።"

ወንድሜ ተነሣ። የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል ብሎ እኔን አስወጣኝ። ስንወጣ በጆሮው "ብዙ አዋልጃለሁ በል" አልኩት።

"አንድም አላዋለድኩም እኮ።"

"ማን ያውቃል?"

"በጓ ታውቃለች" አለኝ።

ግቢው ውርጭ ነበር። በጓ አጥሩ ሥር ተኝታ ታቃስታለች። አለቃው ካፖርቱን ደርቦ ቆሟል። ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ስንት በግ አዋልደሃል?"

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ብዙ ይበል ብዬ ጸለይኩ። ስልጠና ያለው ይኼን መሆኑን የምናሳምንበት ሌላ ቀን አይመጣም።

"አንድም" አለ ወንድሜ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?"

"ሳነብ። በሥዕል አይተናል። ከላስቲክ የተሠራች ላም ነበረችን፤ ክፍሉ በሙሉ በየተራ ነው የነካናት።"

ጠባቂዎቹ ሳቁ። አንዱ "ትታለባለች?" አለ።

ወንድሜ አልሳቀም። "የመጣሁት ለዚህ ነው" አለ። "ውስጥ የታሰሩት አባት ያውቃሉ። ይምጡና ያስተምሩኝ።"

ያኔ ተናደድኩበት። በገዛ አፉ አላውቅም አለ ብዬ። አለቃው ወደ ጠባቂዎቹ ዞሮ "ሽማግሌውን አምጡ" አለ።

ሽማግሌው መጥተው በጓ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ሆዷን በክርናቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ያበጡ እጆቻቸውን ለወንድሜ አሳዩት። "እኔ ዕውቀቱ እያለኝ እጅ የለኝም። አንተ ደግሞ እጅ ብቻ ነህ። በል እንዋዋስ።"

ወንድሜ እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። እኔ የበጓን አንገት ያዝኩ። እሱ እጁን አስገባ።

"ምን አገኘህ?" አሉት።

"እግር። ሁለት እግር። የፊት ናቸው።"

ሳይጠብቅ ሳበ። በጓ ጮኸች፤ ምንም አልመጣም። እንደገና ሳበ።

"ተው! ተው አልኩህ! የማን ናቸው?"

"ምን ማለት ነው? ሁለት እግር ነው የያዝኩት።"

"ሁለት እግር መያዝና የአንዱን ሁለት እግር መያዝ ለየቅል ነው። አንዱን እግር ይዘህ እስከ ደረቱ ድረስ ሂድ። ከደረቱ ወደ ሌላኛው እግሩ ውረድ። በዓይንህ አትፈልግ፤ ጨፍን።"

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ብዙ ቆየ። ድንገት "አባባ፣ ሁለት ናቸው!" አለ። "መንታ ናቸው! ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ እግር ነው የያዝኩት።"

ሽማግሌው ሳቁ። "ኮሌጅህ ይኼን አልነገረህም?"

"ነግሮኛል። ጽፌዋለሁ። ፈተና ላይም መጥቷል።"

"አገኘኸው?"

"አግኝቼዋለሁ።"

"አየህ፣ እጅህ ግን አልተፈተነም ነበር።"

ወንድሜ አንዱን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ የሌላውን ሁለት እግርና አፍንጫ አስተካክሎ፣ ስታምጥ ብቻ እየሳበ አወጣው። የመጀመሪያው ግልገል ሞቶ ነበር። ወንድሜ ትክ ብሎ አየው። "ስስበው ነው" አለ። ሽማግሌው "ይሆናል" አሉት። አላባበሉትም። "ሁለተኛው አልሞተም፤ እጅህን መልስ።"

ሁለተኛው በሕይወት ወጣ። አፍንጫውን በጭድ ሲነካኩት አነጠሰ። የበጓ ባለቤት የሆነው ጠባቂ ቆቡን አውልቆ ግልገሉን ጠረገበት። "ሰልጣኝ" አላለውም፤ "ወንድሜ፣ እጅህን ታጠብ፤ ሙቅ ውኃ አለ" አለው። ወንድሜ ጀሪካኑን ተቀብሎ ከሁሉ በፊት ለሽማግሌው አፈሰሰላቸው። በጠባቂዎቹ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ያበጡትን ጣቶች አንድ በአንድ አጠበላቸው። አለቃው ቆሞ አየ።

ስንመለስ ወንድሜ "አለቃ፣ ስልጠና ያልኩት ይኼን ነው" አለው።

"ገብቶኛል" አለ አለቃው። ዓይናችንን አላየም። "ስምህ ያለበት ወረቀት ግን ትናንት ወደ በላይ ሄዷል።"

በማግስቱ እኔ ተፈታሁ። ወንድሜን ከሌሎች ጋር በመኪና ወሰዱት። ከሁለት ወር በኋላ ታሞ ሞተ ተባልን። በምን እንደታመመ አልነገሩንም። ሬሳውን ስናመጣ እጆቹን አየሁ፤ የገመድ ምልክት ነበረባቸው። ሌላውን መጻፍ አልችልም።

የተናደድኩበትን አሁን አስበዋለሁ። "አንድም" ያለው ፈርቶ አይደለም። በውሸት የበጓን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል አልፈለገም። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ዘንድሮ ከአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ወደ መንደራችን መጡ። ሰው በጎቹን ሊያስነካቸው አልፈለገም፤ አይፈረድበትም፤ የሚኖረው በእነሱ ነው። አባቴ ከለቅሶው ወዲህ ብዙ አይናገሩም። ተነሥተው ሄዱና ልጆቹን ወደ በረታችን ይዘዋቸው መጡ። ወልዳ የእንግዴ ልጇ የቀረባት በግ ነበረችን። አንዲት ተማሪ ጓንቷን አጥልቃ ከበጓ ኋላ ተንበረከከች፤ እጇ ግን አልሄደላትም።

"ብሳሳትስ፣ አባባ?" አለች።

አባቴ በጓን ራሳቸው ያዙላት።

"ተሳሳቺ፣ ልጄ" አሏት። "በጓ የኔ ናት።"